ሊቀ ጠያቂያን በፋይናይት ሒሳብ ክፍል

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም። ስብሰባው አልቋል፤ ሰብሳቢው ወረቀቱን ሸክፏል፤ ግማሹ ሰው ጃኬቱን ለብሷል፤ ከወደ በሩ ያሉት ብድግ ብለዋል። ሰብሳቢው ለወጉ ያህል «ጥያቄ ያለው አለ?» ይላል። ይህ ሲባል «በሉ ደህና ዋሉ» ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። «አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ።» የተነሡት ይቀመጣሉ። ጃኬት የለበሰው እንደለበሰ ያልበዋል።

በወላጆች ስብሰባ አለ። በተከራዮች ስብሰባ አለ። በመሥሪያ ቤት ግምገማማ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ፈጣሪ በስድስተኛው ቀን ሥራውን ጨርሶ «ጥያቄ አለ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዕረፍቱ እስከ ዛሬ ባልደረሰው ነበር። ደግሞ የዚህ ሰው ጥያቄ «ትንሽ» የምትባለው እስክትወለድ ድረስ ነው፤ ከተወለደች በኋላ ልጅ ትወልዳለች፣ ልጇም ልጅ ትወልዳለች፣ የልጅ ልጇ ስትደርስ ደግሞ «ይቅርታ፣ ይህቺ ከዚያችው ጋር የተያያዘች ናት» ይባላል።

እትዬ ፈረቃ የራሷን ድርሻ ያገኘችው በኦንላይን ነው።

እትዬ ፈረቃ የሚላት የአውቶብስ ሾፌሩ ሁሉ ነው። በአንድ የአውቶብስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ የትኛው ሾፌር በየትኛው አውቶብስ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የማን ጉልበት እንደታመመ፣ የማን ሚስት እንደወለደች፣ የትኛው አውቶብስ ዳገት ላይ እንደሚለግም በቃሏ ታውቃለች። ታዲያ የክፍሉ ኃላፊ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ጠርተዋት ቦታው የሷ እንደሆነ ነግረዋታል፣ ዲፕሎማዋን ካመጣች። ለዲፕሎማው የጎደላት አንድ ኮርስ ነው። አንድ ብቻ! እሱን ኮርስ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በኮሌጁ ደንብ ደግሞ አንዱን ኮርስ ሦስት ጊዜ የወደቀ ፋይሉ ይዘጋል። ፋይሏ ከተዘጋ ቦታውን የሚወስደው የመጋዘን ሠራተኛው ነው፤ እሱ ሾፌር ማሰማራት ማለት ቁልፍ ከመንጠቆ ላይ አንሥቶ ማቀበል የሚመስለው ሰው ነው።

ኮርሱ ፋይናይት ማቲማቲክስ ይባላል። መጀመሪያ ስትመዘገብ ባሏ ምን ማለት ነው ቢላት፣ መጨረሻ ያለው ነገር የሚቆጠርበት ሒሳብ ነው አለችው። ሁለት ጊዜ ከወደቀች በኋላ መጨረሻውን የሚያሳያት ጠፋ። ያስቆጫት ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም። ይህ ሒሳብ ኤክስና ዋይ የሚሳደዱበት ዓይነት አይደለም፤ ሰው በሰው፣ ዕቃ በዕቃ የሚደረደርበት፣ በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደር እንደሚችል የሚቆጠርበት ነው። እሷ ሰውና አውቶብስ ስትደረድር ስንት ዓመቷ! በዋና ሲወድቅ ያየነው ዓሣ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ሁለቱንም ጊዜ አንድም ቀን ጥያቄ አልጠየቀችም። ለምን ሲሏት በባሏ ታመካኛለች። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሥራው ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር አመሻሹን የሚተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እሱን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ማይኬን አልከፍትም ትላለች። እውነቱ ግን እፍረት ነው። የስምሪት ሴትዮ መደርደር አልገባትም እንዳይባል ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ዝም አይነቅዝም ብላ ተቀምጣለች።

ሦስተኛው ሴሚስተር ተጀመረ። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ለአንድ ሰዓት ነው። ተማሪው ሠላሳ ሁለት ነው። ሠላሳ አንዱ ካሜራውን ዘግቶ ስክሪኑ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ተቀምጧል። አንዱ አራት ማዕዘን ግን ክፍት ነው። የሚታይበት የሰው ማድ ቤት ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱ በታች የሳህን ማጠቢያ ሆድ፣ አልፎ አልፎም ግማሽ ግንባር። መምህሩ፣ ሃያ ሰባት ዓመት እንኳ የሚሞላው የማይመስል ፈጣን ልጅ፣ ስለ ስብስቦች አስተምሮ፣ ባዶ ስብስብ ማለት ምንም አባል የሌለው ስብስብ ነው ብሎ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «ጥያቄ አለ?» አለ። የሠላሳ አንድ ሰው አውራ ጣት መውጫው ላይ ነበር።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ» አለ ኮርኒሱ።

እኚህ ሰው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳው የተጠጋ ነው። ቧንቧ ደግሞ የሚፈነዳው ሰው ከሥራ ገብቶ ሲከፍተው ስለሆነ የትምህርቱ ሰዓት ሁልጊዜ የሚያገኛቸው በሰው ቤት፣ ከሰው ሲንክ ሥር ነው። ስልካቸውን የመሣሪያ ቦርሳቸው ላይ አስደግፈው፣ በጀርባቸው ተኝተው፣ አንድ እጃቸው ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ይማራሉ። ጥያቄያቸው ምንም የሌለበት ነገር ለምን ስም እንደወጣለት ነበር። መምህሩ መለሰ። ጥያቄዋ ወለደች፦ ባዶ የመሣሪያ ሳጥን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ይከብደኛል፤ ታዲያ ባዶ ሳጥንና ምንም አንድ ናቸው ወይ? መምህሩ ትንሽ አሰበና አንድ እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም ነጥቡ እዚህ ላይ እንደሆነ ተናገረ። ያቺም ወለደች፦ ባዶ ሳጥን ሌላ ሳጥን ውስጥ ብከተው ትልቁ ሳጥን ባዶ ነው ይባላል ወይስ አይባልም? በዚህ ዓይነት ሃያ ሦስት ደቂቃ ተጨመረ። ከመጋረጃው ጀርባ ባሏ ተገላበጠ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለ አመክንዮ ነበር። መምህሩ ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል የሚለውን ጻፈና፣ መንገዱ ስለረጠበ ብቻ ዘንቧል ማለት አይቻልም አለ። ሰዓቱ አለቀ። አንዲት ትንሽ ጥያቄ መጣች። የለም፣ የቧንቧ ሠራተኛው መጀመሪያ መስማማት ነበር የፈለጉት፤ ትክክል ነህ፣ እኔ በሥራዬ ሰማዩ ጥርት ብሎ መንገድ ሲረጥብ ብዙ አይቻለሁ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ ወደ ታች ነው የማየው አሉ። ቀጥለው ዋናው መስመር ፈንድቶ ደግሞም ዘንቦ ከሆነ የትኛው እንዳረጠበው በሒሳብ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቁ። አሥራ ስምንት ደቂቃ።

ታዲያ ሰው ስንቱን ይችላል? አንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት ከክፍሉ የስልክ ግሩፕ ሌላ ሁለተኛ ግሩፕ ከፈተች፤ ከእሳቸውና ከመምህሩ በቀር ክፍሉ ሁሉ ገባበት። «ሊቀ ጠያቂያን» የሚለው ማዕረግ የተሰጣቸው እዚያ ነው። ክቡር ሊቀ ጠያቂያን ዛሬ በየትኛው ሲንክ ሥር ተሰይመዋል ይባላል። አንዱ፣ ፕሮባቢሊቲ የሚሉትን የመሆን ዕድል ሲማሩ ለልምምድ ያህል፣ ክቡርነታቸው ዛሬ የመጠየቃቸው ዕድል ስንት ነው ብሎ ጻፈ፤ መልሱ አንድ ሆነ፣ ያለ ጥርጥር። በክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይለው ሕዝብ እዚያ አንደበተ ርቱዕ ነው።

ከሁሉም የባሰችው ግን እትዬ ፈረቃ ናት። ሌላው ሲቀልድ እሷ ሥራ ሠራች። ሊቀ ጠያቂያንን ስትከታተል አንድ ነገር አስተውላለች፤ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ካለ በኋላ እሳቸው ማይካቸውን እስኪከፍቱ ድረስ አራት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እርጥብ እጃቸውን እየጠረጉ መሆን አለበት አለች። አራት ሰከንድ ለስምሪት ሠራተኛ ብዙ ነው። ስለዚህ ተራ አወጣች። በእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ተረኛ ይኖራል፤ ተረኛው «ጥያቄ አለ?» እንደተባለ ሳይዘገይ «የለም መምህር፣ እናመሰግናለን፣ ደህና እደሩ» ይላል፤ ሌላው «እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን» እያለ ይከተላል፤ መምህሩም በምስጋና ተጥለቅልቆ ይዘጋል። የጥርስ ሐኪም ረዳቷ ሰኞ፣ ባንክ የሚሠራው ሐሙስ፣ እያለ የሚወርድ፣ ተጠባባቂ ተረኛ ሁሉ ያለው ፈረቃ ነበር። የራሷን ስም ከታች አስገባች።

ሠራ! ለአራት ትምህርት ያህል በሰዓቱ ተወጣ። ግሩፑ በሙገሳ አበጠ። በዚያ ሁለት ሳምንት የተማሩት መቁጠር ነበር፤ ፐርሙቴሽን የሚሉትና ኮምቢኔሽን የሚሉት፣ ሰውና ዕቃ በስንት መንገድ እንደሚደረደር። ሁለት ጊዜ የጣላት ይኸው ነው።

ሚድ ፈተና መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አምስት ሾፌሮችና ሦስት አውቶብሶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ አውቶብስ አንድ ሾፌር ቢመደብ ምደባው በስንት መንገድ ሊካሄድ ይችላል? እትዬ ፈረቃ ሳቀች። በመጨረሻ ከሠፈሬ መጡልኝ አለች። ዓይኗን ጨፍና የማለዳውን ግቢ አየችው፣ አምስቱን ሾፌሮች አቆመች፣ ሦስቱን አውቶብሶች አስነሣች፣ ደርድራ ደርድራ «አሥራ ስምንት» ብላ ጻፈች። ዜሮ ተሰጣት። ከሠላሳው ያገኘችው ስምንት ነበር።

ግሩፑ ውስጥ እንዴት ነው ሲባል ሁሉም «ደህና ነው»፣ «ያው ነው»፣ «አይከፋም» አለ። ማታውን ግን ተራ ያወጣችላቸው ሰዎች ለብቻ ለብቻ ይጽፉላት ጀመር። እትዬ፣ ለሰው እንዳትነግሪ፣ ይሄ የመቁጠሩ ነገር ላንቺ ገብቶሻል? አለ ባንክ የሚሠራው። የጥርስ ሐኪም ረዳቷም ያንኑ ጻፈች። እየቆጠረች ሄደች፤ መጀመሪያ ሰባት፣ በማግሥቱ አሥራ አንድ፣ ሰንብቶ አሥራ ዘጠኝ። ሁሉም ያልገባው እሱ ብቻ መስሎታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኛ ደግሞ አልፈን ሐኪሙን በፈረቃ ስናባርር ከረምን አለች በልቧ። ፋይናሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በሐሙሱ ትምህርት መምህሩ ሚዱን ሠራላቸው። መልሱ ስልሳ ነው አለና አለፈ። ስልሳ! እትዬ ፈረቃ ክው አለች። በአምስት ሾፌር ስልሳ መንገድ ካለ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር አለች። የቀረውን ትምህርት አልሰማችውም። መጨረሻ ላይ መምህሩ ሰዓቱን አየ። «ጥያቄ አለ?»

የዚያን ቀን ተረኛዋ እሷ ነበረች።

አንድ ሰከንድ ሄደ። ግሩፑ ውስጥ «እትዬ ፈረቃ የት ነሽ» የሚል መጣ። ሁለት ሰከንድ። ተጠባባቂው ራሱ ተኝቷል መሰለኝ ድምፁ የለም። ጣቷ ማይኩ ላይ ነበር፤ ማለት የነበረባትን ታውቀዋለች፤ አላለችውም። ሦስት። አራት።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ» አሉ ሊቀ ጠያቂያን። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዣት ነው የከረምኩት። ስልሳው ገብቶኛል፤ አምስት በአራት በሦስት ነው። ያልገቡኝ ሰዎቹ ናቸው። እኔ አምስት ቧንቧ ሠራተኛ ባሰማራ ያገኘሁትን ሁሉ ወዳገኘሁት ቤት አልሰድም። የሾፌር ነገር ግን አላውቅም። እዚህ መሐል የሾፌር ሥራ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?»

ሠላሳ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ተኝቷል የተባለው ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ፣ መልሺላቸው እንጂ» አለ።

በሦስት ሴሚስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ማይኳን ከፈተች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። ስምሪት እንደምትሠራ ተናገረች። ከዚያ ሥራዋን ማውራት ስትጀምር እፍረቱ ለቀቃት። ከአምስት ሾፌሮች አንዱ ሁልጊዜ ሌሊት የሠራ ነው፤ ሌሊት የሠራ ሰው በማለዳ መሪ አይዝም፤ እሱን ወደ ቤቱ ትልከዋለች፣ አራት ይቀራሉ። አራቱን በሦስት አውቶብስ ለመደልደል ሃያ አራት መንገድ አለ። ግን ሦስተኛው አውቶብስ ፍሪሲዮኑ፣ በግራ እግር የሚረገጠው፣ ደረቅ ነው፤ ከአራቱ ደግሞ አንዱ የግራ ጉልበቱን የታመመ አይጠፋም፤ እሱን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። እሱ ሦስተኛው አውቶብስ ላይ የሚወድቅባቸው ስድስት ምደባዎች አሉ፤ እነሱ ይወጣሉ። አሥራ ስምንት ይቀራል። «እኔም የጻፍኩት እሱን ነው» አለች፤ «ዜሮ ተሰጠኝ።»

መምህሩ ስክሪኑ ላይ አምስት በአራት በሦስት ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ አራት በሦስት በሁለት አለ፣ ስድስት ቀነሰ።

«አሥራ ስምንት ትክክል ነው» አለ። «ይሄ እኮ የምዕራፉ የመጨረሻ ገጽ ጥያቄ ነው፤ እኔ ገና አላስተማርኩትም። ግን እትዬ፣ ሌሊት የሠራውን ሰውዬ ከየት አመጡት? ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ከሥራዬ ነው» አለች።

«ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሾፌሮች እስካሁን ማንም አላደከማቸውም። መጀመሪያ ሁሉንም ይቁጠሩ። ከዚያ ጥያቄው አስወጡ ያለውን ብቻ ያስወጡ። እርስዎ የተጠየቁትን ትተው ከባዱን ነው የመለሱት።»

እትዬ ፈረቃ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለት ሴሚስተር የወደቀችው ደደብ ሆና አልነበረም። የደከመ ሰው በወረቀት ላይ እንኳ መንገድ መስደድ አቅቷት ነበር። ይህን ደግሞ ማንም ሊነግራት አይችልም ነበር፣ ራሷ አፍ አውጥታ አሥራ ስምንቱን ካልተናገረች። አንዲት ትንሽ ጥያቄ ናት ያናገረቻት። «ገባኝ» አለች፣ ቃሉን እንደ ዛሬ ከልቧ ብላው አታውቅም።

ሊቀ ጠያቂያን ደግሞ መች ይበቃቸዋል። ይቅርታ፣ ይህቺ ከዚያችው ጋር የተያያዘች ናት አሉ፤ ጉልበታቸውን የታመሙት ሁለት ቢሆኑስ? ጥያቄዋ ወለደች። ያን ጊዜ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ማይኩን ከፈተና፣ ባንክ የሚሠራው፣ እሱም አንድ ያልገባው ነገር እንዳለ ተናገረ። ቀጥላ የጥርስ ሐኪም ረዳቷ። ትምህርቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ተጨምሮበት አንድም ሰው አልወጣም። ባሏ መጋረጃውን ገልጦ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ለካ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጥያቄዎቹ አንድም አላመለጠውም፤ እኚህ ሰው ሲጠይቁ ነው የሚገባኝ አላት፤ የሳጥኑን ነገር ዳቦ ቤት ወስዶ ሁሉንም ጋጋሪ አጣልቶበታል። እትዬ ፈረቃ ሳታድር ግሩፑ ላይ «ፈረቃው ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል» ብላ ጻፈች። የሚቃወም አልተገኘም።

በቀሩት ሦስት ሳምንታት እየቆጠረች ትሠራ፣ እየሠራች ትቆጥር ነበር። ፋይናሉ ላይ ሰባት ሰዎች ለአራት ሥራ የሚል ጥያቄ ሲመጣ እጇ የደከመ ሰው ፍለጋ ሲሄድ ያዘችው። ሁሉንም ቆጠረች፤ አስወጡ የተባለውን ብቻ አስወጣች። ፋይናሉን ከመቶ ሰባ አራት አመጣች። አለፈች! ባሏ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ አቀፋት፤ በዚያ ቀን ሥራ የገባችው ነጭ ሆና ነው።

የማለፊያ ወረቀቱ ከሬጅስትራር በአካል ነው የሚወሰደው። እስከ ወር መጨረሻ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ ስላለባት ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ደርሷል። የክፍሏን ሰዎች መልክ አታውቅም፤ አንድን ሰው ግን ለማወቅ የሚቸግራት አልመሰላትም። ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የጎላ፣ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ዘበኛውን፣ ጸሐፊዋንና ጎረቤቱን በጥያቄ ያቆመ ሰው ፈለገች። የለም። ሁሉም ዝም ብሎ ተሰልፏል።

ከፊቷ ያሉት ሰው ተራቸው ደረሰ። ቀጭን፣ አጭር ሰው ናቸው፤ የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የቆሙት። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል የትኛው ኮርስ አለቻቸው። «ፋይናይት» አሉ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። ጸሐፊዋ ከአንዱ ክምር ወረቀት ስባ ሰጠቻቸው፤ ይፈርሙ አለቻቸው፤ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲያዩት ቆዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ከዚያ ለአራት አጠፉትና ከሰልፉ ወጡ።

እትዬ ፈረቃ ድምፁን ለይታዋለች። ተራዋን ጥላ ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? እኔ የስምሪቷ ነኝ» አለች። ደነገጡ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። አለፉ ወይ አለቻቸው። ሰማንያ ስምንት ማግኘታቸውን መሬት መሬት እያዩ ነገሯት። ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው። «የተሳትፎ ምስክር ወረቀት» ይላል፤ ገብቶ ለወጣ ሁሉ የሚሰጠው፣ ለምንም የማይሆነው።

«ይሄ እኮ የእርስዎ አይደለም። ከሌላ ክምር ነው የሰጠችዎት። ለምን አልጠየቋትም?»

«ተሳስታ ይሆናል። ይሁን፣ ግዴለም።»

«እንዴት ግዴለም? እርስዎ አይጠይቁ ማን ሊጠይቅ ነው!»

ሊቀ ጠያቂያን ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ።

«ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ አልችልም እህቴ» አሉ። «ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። አንደበቴ ይታሰራል። ከትምህርት ቤት የቀረሁትም በዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ያልገባኝን ሳልጠይቅ አለፍኩ፣ በማግሥቱ የባሰ አልገባኝም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወጣሁ። በስልክ ግን ከሲንክ ሥር ተኝቼ የሚያየኝ የለም። እዚያም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልሽ። ጥያቄዋን ወረቀት ላይ እጽፋታለሁ። መምህሩ ጥያቄ አለ ሲል ዓይኔን ጨፍኜ እስከ አራት እቆጥርና ነው የምከፍተው።»

እትዬ ፈረቃ ያለችበት ቆማ ቀረች። እርጥብ እጅ አልነበረም። አራት ሰከንዱ የፍርሃታቸው ነበር፤ እሷ ደግሞ ልክ እዚያች ላይ ሰው መድባለች። መሸሸግ አልቻለችም፤ ስለ ሁለተኛው ግሩፕም፣ ስለ ማዕረጋቸውም፣ ስለ ፈረቃውም አንድ በአንድ ነገረቻቸውና ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ሰውየው ሳቁ፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። የሚያመሰግነው ሰው በተራ እንደሚለዋወጥ ያን ጊዜውኑ አስተውለው ነበር። «አንድ ቀን እንኳ ሳይዛነፍ! ይህን ያወጣ ሰው ሥራ ያውቃል አልኩ» አሉ። «ሚስቴንም አሳየኋት።»

«በሉ ይምጡ» አለች፣ እጃቸውን ይዛ።

ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ነው የሄደችው። የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ጸሐፊዋ የያዘችውን ተሰላፊ ገና ሳትጨርስ፣ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ዘርግታ፣ ሰማንያ ስምንት ያመጣ ሰው የተሳትፎ ወረቀት የሚሰጠው በየትኛው ደንብ እንደሆነ ጠየቀች። ጸሐፊዋ መዝገቡን አየች፣ ቀላች፣ ይቅርታ ብላ ሌላውን ክምር ልታነሣ ሄደች። ስትመለስ እትዬ ፈረቃ ከሰማንያ አምስት በላይ ያመጣ ሰው ወረቀቱ ላይ በከፍተኛ ውጤት ተብሎ ይጻፍለት እንደሆነ ጠየቀች። ይጻፋል። ታዲያ ለምን አልተጻፈም? ጸሐፊዋ ኃላፊውን ልትጠራ ወደ ውስጥ ገባች።

ከኋላ አንዱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አንዷ ሰዓቷን አየች። የቧንቧ ሠራተኛው ላብ ላብ እያላቸው የእትዬ ፈረቃን እጅጌ ጎተት አደረጉ።

«ይበቃል እህቴ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቃ» አለች። ክርኗን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ተመቻችታ ቆመች። ለዛሬ ፈቃድ ወስዳለች።